ዘንዶ በውሃ ቀለም፣ አርዌ በጉዋሽ፦ የተረት ፍጡር ለመሳል የትኛውን ቀለም ይግዙ?

ቀለም መሸጫ ገብቶ «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሻጩ ውዱን ያሳይዎታል። ቀድሞ ለራስ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ የሚስሉት ፍጡር ከብርሃን ነው የሚወጣው ወይስ ከጨለማ የሚለው ነው። የውሃ ቀለም ከነጭ ወረቀት ተነሥቶ ወደ ጨለማ ይወርዳል፤ አንዴ የጠቆረውን መልሶ ማንጣት ጭንቅ ነው። ጉዋሽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የሚሸፍነው የውሃ ቀለም ዘመድ፣ እና አክሪሊክ፣ ማለትም ሲደርቅ ውሃ የማይነካው ቀለም፣ ግን ከጥቁር ተነሥተው ወደ ብርሃን መውጣት ይችላሉ። ሁሉም የሚያውቃቸውን ሁለት እባቦች ይዘን እናወዳድራቸው፤ አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ፣ ሌላው በአክሱም ትውፊት ሰው ሁሉ ይገብርለት የነበረው አርዌ ነው።

ዘንዶው ከውሃ ሲወጣ

በእኛ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ ቤሩታዊት ከዛፍ ላይ ታያለች። በብዙ አገር በሚነገረው ታሪክ ዘንዶው የሐይቅ ነው። ነጭ ፈረስ፣ ውሃ፣ እርጥብ ገላ፦ ይህ ለውሃ ቀለም የተሠራ ትዕይንት ነው። ፈረሱ አይቀባም፤ ወረቀቱ ራሱ ፈረስ ይሆናል። የዘንዶው ጭራም ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ ከተቀባ ጠርዙ ውሃው ውስጥ ይጠፋል፤ ጉዋሽ ይህን እንደ ውሃ ቀለም አይሠራውም።

ከቀለሙ በፊት ወረቀቱ ላይ ገንዘብ ያውጡ። 100 በመቶ ጥጥ የሆነ፣ በስኩዌር ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይፈልጉ። 190 ግራሙ ውሃ ሲጠጣ ይጨማደዳል፤ ካልተወጠረ ቀለሙ በስርጉዱ ይተኛል። ኮልድ ፕሬስ የሚባለው ሸካራው ወረቀት ለቆዳና ለድንጋይ፣ ሆት ፕሬስ የሚባለው ልሙጡ ለደቃቅ ቅርፊት ይስማማል። የእንጨት ወረቀት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ቶሎ ስለሚያጣ፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር፣ የቀለሙ ጠርዝ እንደ ሻይ እድፍ ሆኖ ይቀራል።

በቱቦው ላይ ከስሙ ይልቅ የቀለሙን ኮድ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ቀለም የሚለይበትን ፊደልና ቁጥር፣ ያንብቡ። አረንጓዴ ዘንዶ ከፈለጉ ፒጂ 7 (PG7) እና ፒጂ 18 (PG18) መደርደሪያ ላይ መንታ ይመስላሉ። ፒጂ 7 ወረቀቱን ይነክሳል፤ በእርጥብ ብሩሽ ቢያሹትም አይለቅም። ፒጂ 18 ግን ይለቃል፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ ብርሃን በኋላ ማውጣት ይቻላል። አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ፒቢ 29፣ በርንት ሲየና ከሚባለው ቀይ ቡናማ ጋር ሲደባለቅ ሸካራ ወረቀት ላይ ነጠብጣብ እየሆነ ይሰፍራል፤ ያ ያለ ድካም የተገኘ የእባብ ቆዳ ነው። ለደሙ ፒአር 83 (PR83) የሚባለውን ቀይ አይግዙ፤ ብርሃን ላይ ይደበዝዛል። ፒአር 254 (PR254) ወይም ፒቪ 19 (PV19) ይሻላል። ስሙ አጠገብ «ሂዩ» የሚል ካለ ውስጡ ያለው ዋናው ቀለም ሳይሆን ተተኪ ነው።

ለደቃቅ ብርሃን ነጭ የሚቀረውን ቦታ ከቀለም የሚከልል፣ በኋላ የሚላጥ፣ ማስኪንግ ፍሉይድ የሚባለው የጎማ ፈሳሽ አለ። ብሩሹን መጀመሪያ ሳሙና ውስጥ ካልነከሩት በአንድ ቀን ይሞታል፤ ወረቀቱ ላይ ለቀናት ከቆየም ሲላጥ ወረቀቱን ይዞ ይነሣል።

አርዌ ፍየሏን ሲውጥ

በትውፊቱ አርዌን የገደለው አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል ለአርዌ አቀረበለት፤ እሱም ዋጣት። ለሠዓሊ ከግድያው ይልቅ ይህ ቅጽበት ይበልጣል። እባብ ትልቅ ነገር ሲውጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይራራቁና በመካከላቸው ያለው ስስ ቆዳ ይታያል። ሆዱ ላይ ደግሞ ቅርፊቱ እንደ ጎኑ ደቃቅ ሳይሆን ሰፋፊ ሰሌዳ ነው። ይህን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ለማሳየት ጉዋሽ ይግዙ።

ጉዋሽ የውሃ ቀለም ዘመድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያያይዛቸው ከግራር የሚለቀመው ሙጫ ነው፤ የቦረና ሰው የሚለቅመው ዓይነት። ልዩነቱ ጉዋሽ ውስጥ ቀለሙ በዝቶ ከሥሩ ያለውን መሸፈኑ ነው። አሠራሩም ይገለበጣል። አልትራማሪንና በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማ ቀጥነው ወረቀቱን ሁሉ ያጨልሙታል። ሲደርቅ በነጭ እርሳስ ይነደፋል፤ ከዚያ መካከለኛው ቀለም፣ በመጨረሻ ብርሃኑ ይከተላል። ውፍረቱ እንደ ቀጭን እርጎ ይሁን። ከዚያ ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ በዝቶ ሙጫው ስለሚያንስ ነው።

ጀማሪን የሚያስለቅሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የደረቀ ጉዋሽ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል፤ በላዩ የሚመጣው ድርብ የታችኛውን አንሥቶ ጭቃ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ብሩሹን በጨርቅ አድርቆ፣ አንድ ጊዜ ቀብቶ መተው ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉን ነገር በነጭ ማፍካት ነው፤ እባቡ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ቅርፊቱን በቢጫ ኦከር ያፍኩት፤ ንጹሕ ነጭ ለዓይኑና ለሦስት አራት ቅርፊት ብቻ ይቀመጥ። ነጩም ዓይነት አለው፦ ቲታኒየም ይሸፍናል፣ ዚንክ ለቅልቅል ይለሰልሳል። ከነጩ ትልቁን ቱቦ ይግዙ፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ወረቀት ላይ እዚህ መቆጠብ ይቻላል፤ 300 ግራም የእንጨት ወረቀት ይበቃዋል።

ሦስቱም ሲደርቁ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ አይደለም። የውሃ ቀለም ይፈዛል። አክሪሊክ ይጠቁራል። ጉዋሽ ደግሞ ፈካ ያለው ጠቆር፣ ጠቆር ያለው ፈካ ይላል፤ በጣም የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ ማየት ግድ ነው።

አክሪሊክ መቼ?

ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ ያለ መስተዋት የሚሰቀል ከሆነ፣ ወይም ተጠቅልሎ ባሕር ማዶ የሚሄድ ከሆነ። የደረቀ አክሪሊክ ውሃ አይነካውም፤ ድርብ በድርብ ቢጨመር የታችኛው አይሟሟም። ሸራው ሲጠቀለል ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። ጉዋሽ ጨርሶ አይጠቀለልም፤ እሱና የውሃ ቀለም ከመስተዋት ሥር፣ በካርቶን ፍሬም ከመስተዋቱ ተለይተው ይሰቀላሉ። ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ አክሪሊክ ውስጥ አይግባ፤ ሰው ሠራሹ ይበቃል፣ እሱም ወዲያው ካልታጠበ ድንጋይ ይሆናል። ለመጽሐፍ ሥዕል ግን አክሪሊኩ ያብረቀርቃልና ስካነር ላይ ያስቸግራል። ለስካነር የማያብረቀርቀው ጉዋሽ ይመረጣል፤ የውሃ ቀለም ስስ ጥላዎች ስካን ሲደረጉ ይጠፋሉ፣ ወርቃማ ቀለም ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የጠልሰም ዓይኖች

ዓይን ብቻ የሆነ፣ በመስመር የታሰረ ፍጡር ለሚስል ከላይ ያለው ሁሉ ብዙ ወጪ ነው። ጠልሰም የቆመው በጥቁርና በቀይ፣ በመስመር ነው። የሚነከር የብረት ብዕርና ህንድ ኢንክ የሚባለው ጥቁር ቀለም ይበቃል። ይህን ቀለም ምንጭ ብዕር ውስጥ አይጨምሩት፤ ውስጡ ያለው ሼላክ የሚባል ሙጫ ቧንቧውን ይዘጋዋል። በላዩ የውሃ ቀለም የሚፈስስ ከሆነ አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ ጥግ ላይ በእርጥብ ብሩሽ ይፈተን። ብራና ላይ ከሆነ ውሃ ይቀንሱ፤ ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ይጎብጣል። ቅባት ያለበትም ቦታ ቀለም አይዝም፤ ፓሚስ በሚባለው ድንጋይ ደቃቅ ዱቄት ታሽቶ ይራገፋል። ለሚጠቀለል ክታብ ወፍራም ጉዋሽ አይሆንም፤ በመጀመሪያው ጥቅል ይረግፋል።

በአንድ ግዢ ብቻ ለሚጀምር፦ ስድስት የጉዋሽ ቱቦ፣ ማለትም ትልቅ ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን፣ ፒአር 254፣ ሎሚ ቢጫ፣ ቢጫ ኦከርና በርንት አምበር። ከነዚህ ጋር ቁጥር 2 እና ቁጥር 8 ክብ ብሩሽ፣ አንድ ጠፍጣፋ ብሩሽ። ጉዋሽ በብዙ ውሃ ሲቀጥን እንደ ውሃ ቀለም ይሠራል፤ ጥራቱ ባይደርስም ዘንዶውንና አርዌን በአንድ ሳጥን ያስሞክራል። የውሃ ቀለም ሲወፍር ግን ጉዋሽ አይሆንም፤ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል።