ውጫዊ የ56 ኬ ሞደም በአሮጌ የቤት ኮምፒውተር ላይ

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ በነበረው ቤታችን፣ ዊንዶውስ 98 የተጫነበትን አሮጌ ኮምፒውተር ከዳያልአፕ ኢንተርኔት (በስልክ መስመር በመደወል ከሚገኘው) ጋር ያገናኘልን ዩኤስ ሮቦቲክስ የተባለው ኩባንያ ውጫዊ ሞደም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን መረጃ በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ከውጭ የሚገጠም መሣሪያ ነበር። ቀድሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ሞደም የሲግናሉን ሥራ ለፕሮሰሰሩ የሚተው ዓይነት ስለነበር፣ አቅሙ በደከመ ማሽን ላይ ግንኙነቱ ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ነበር። ውጫዊው ግን ሥራውን በራሱ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩን አያስጨንቀውም፤ በእኔ ግምት ለአሮጌ ማሽን ትክክለኛው ምርጫ እርሱ ነው።

ያም ሆኖ «የመደወያ ድምፅ የለም» የሚለው መልእክት ሁለት ቀን ሙሉ አስቸግሮናል። ጥፋቱ የሞደሙ አልነበረም፤ የግድግዳውን የስልክ ማገናኛ ክዳን ስንፈታ የመዳብ ሽቦው ጫፍ በክረምቱ እርጥበት አረንጓዴ ለብሶ አገኘነው። ጫፉን ቆርጠን፣ አዲስ መዳብ እስኪታይ ልጠን፣ በብሎኑ አጥብቀን ስናስረው፣ ያ የምናውቀው የፉጨትና የሹክሹክታ ድምፅ ተሰማ፤ የደስታችን መጠን ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባው፣ 56 ኬ (56 ኪሎቢት በሰከንድ) የሚለው ቁጥር የመቀበያው ከፍተኛ ወሰን እንጂ የዕለት ተዕለት ፍጥነት አለመሆኑን ነው። መስመሩ ሲንኮሻኮሽ ሞደሙ ፍጥነቱን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ እኛ ብዙ ጊዜ የምናገኘው 28.8 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሜጋባይት ለማውረድ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እናቴ ሳሎን ያለውን ስልክ ካነሳችማ ግንኙነቱ ወዲያው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ትልልቅ ፋይሎችን የምናወርደው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነበር።