ጸሐፊዎች፣ ገንዘብም መብትም ከሚወስድ ውል ተጠንቀቁ

መጽሐፍ ጨርሳችሁ አሳታሚ የምትፈልጉ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የአሳታሚው ደብዳቤ ሲደርስ ደስ ይላል። «ሥራዎ ድንቅ ነው፤ ልናሳትመው ወስነናል» ይላል። ረቂቁ በተላከ ማግስት የመጣ ነው። ስለ ታሪኩም ስለ ገጸ ባሕርያቱም ግን አንድ ቃል የለበትም። ለማንም ቢላክ የሚሆን ሙገሳ ነው። ቀጥሎ «ወጪ መጋራት» ይመጣል። ለአርትዖት፣ ለሽፋን፣ ለማስታወቂያ ክፈሉ ትባላላችሁ። ቦታው ሊሞላ ነው እያሉ ማጣደፉም አይቀርም።

ከኪስ አውጥቶ ማሳተም ነውር የለውም። ብዙ ጸሐፊ የሚኖረው በሌላ ሥራ ደመወዝ ነው፤ አጠራቅሞ ማተሚያ ቤት ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? ግን ያኔ መብቱም፣ ቅጂዎቹም፣ ትርፉም የራሱ ናቸው። መደበኛ አሳታሚ ደግሞ ወጪውን ራሱ ችሎ የማሳተም መብት ይወስዳል፤ ለደራሲው ከሽያጩ ድርሻውን፣ ማለትም ሮያሊቲ፣ ይከፍላል። እነዚህ «ወጪ እንጋራ» ባዮቹ ግን ሁለቱን አደባልቀው ነው የሚመጡት። ወጪው የእናንተ፣ መብቱ የእነሱ። መጽሐፉ ባይሸጥስ ምን ቸገራቸው? ትርፋቸውን ገና ሳይታተም ከእናንተ ወስደዋል።

ሮያሊቲው ከምን እንደሚሰላ እዩ። መጽሐፉ ሽፋን ላይ ከተጻፈው የመሸጫ ዋጋ ከሆነ ሂሳቡ ግልጽ ነው። «ከተጣራ ገቢ» ካለና ምን ምን እንደሚቀነስ ካልጻፈ፣ 50 በመቶ ቢሏችሁም እጃችሁ የሚገባ ነገር ላይኖር ይችላል።

የባሰው ግን የመብት መመለሻው አንቀጽ ነው። «መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል» ይላል። ደህና ይመስላል አይደል? ዛሬ ግን መጽሐፍ ትእዛዝ ሲመጣ አንድ አንድ ቅጂ እየታተመ ይሸጣል፤ ኢ-ቡኩም ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ስለዚህ ማንም ባይገዛውም «ከገበያ ጠፋ» የሚባልበት ቀን አይመጣም። በምትኩ በዓመት ከይህን ያህል ቅጂ በታች ከተሸጠ መብቱ ይመለስልኝ ብላችሁ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አስጽፉ። የትርጉም፣ የፊልምና የድምፅ መጽሐፍ መብትም አብሮ ተጠቅልሎ እንዳይሄድ።

«የቅጂ መብት እናስገኝልዎታለን» ብለው የሚያስከፍሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው፣ ኋላም የተሻሻለው፣ የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት በሚሠራበት አገር መብቱ የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ ነው። ምዝገባ ለክርክር ማስረጃ ሊሆን ይችላል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም።

ውሉን ቤት ወስጄ ላንብብ፣ ለጠበቃም ላሳይ በሏቸው። እምቢ ካሉ ተዉአቸው። እሺ ካሉም ቀድሞ ያሳተሙላቸውን ደራሲዎች ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ እነሱ መርጠው የሚሰጧችሁን ስም ብቻ አትመኑ።