ዲኤክስ ለደሴ ዳገትና ለኮምቦልቻ ቁልቁለት

ወሎ ውስጥ ጥገናዋ ቀላል የሆነ መኪና ለሚፈልግ ሰው አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ደህና ናት። ሞተሯ 1.3 ሊትር ነው፤ ኮምፒውተር የላትም፣ ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር በእጅ ይደረሳል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል። ሚኒሞ (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) መንካት ብቻውን አይፈታውም፤ መፍትሄው ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ጠበብ ባለው ማስቀየር ነው። የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፍሬን ረግጠው አይቆዩ፤ የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዝ ያቆማል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ። ኤርባግ የላትም፣ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሲገዙ ምንጣፉን ገልጠው ወለሉ በዝገት እንዳልተበላ ይዩ።