ምስሉን አዳነ፣ ፖስታውን ጣለ፦ የፎቶግራፍ ጥበቃና ስካን አገልግሎት ግምገማ

በምሠራበት የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መዛግብት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በመሳቢያና በካቢኔ ተጨናንቀው የኖሩትን የፎቶግራፍ ስብስቦች አጽድቶ፣ በአዲስ ማሸጊያ አኑሮና ስካን አድርጎ እንዲያስረክበን አንድ የግል ድርጅት ቀጥረን ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ስለመረመርኳቸው፣ ተመሳሳይ አገልግሎት ለመግዛት የሚያስቡ ባልደረቦች ይጠቀሙበት ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ ከጉድለቱ ከፊሉ ውሉን ካረቀቅነው ከእኛው የመጣ ነውና።

ከስብስቡ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት የመስታወት ኔጋቲቮች፣ ማለትም ብርሃኑና ጥላው ተገላብጦ የተቀረጸባቸው መስታወቶች ናቸው። በጄላቲን የሚዘጋጀውን ደረቅ የመስታወት ኔጋቲቭ እ.ኤ.አ. በ1871 ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሊች ማዶክስ ራሱ ሐኪም ስለነበር፣ እነዚህን መስታወቶች በሕክምና ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ይመስለኛል። የድርጅቱ ሠራተኞች የያዙበት መንገድ የሚያስመሰግን ነው። የጥጥ ጓንት መስታወት ላይ ስለሚያንሸራትትና የተላጠውን ጠርዝ ስለሚስብ በናይትራይል ጓንት ሠሩ፤ መስታወቱንም በሁለት እጅ ጠርዙን ብቻ ይዘው ያነሡት ነበር። ምስሉን የያዘውን ገጽ ፈጽሞ በእርጥብ ነገር አልነኩትም። እያንዳንዱን ኔጋቲቭ አራት ክንፍ ባለው አሲድ አልባ ወረቀት ጠቅልለው በረጅም ጎኑ አቆሙት እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ አልከመሩትም፤ የተሰነጠቁትን ግን በካርቶን መካከል አጋድመው ለብቻ አስቀመጡ። ሳጥኖቹንም ትንንሽ አድርገው መምረጣቸው ትክክል ነበር፤ መስታወት የሞላው ትልቅ ሳጥን ለሚያነሣው ሰውም ለመስታወቱም አደጋ ነውና።

በማሸጊያ ምርጫ ረገድም ቅር የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። በወረቀት ለታተሙት ፎቶግራፎች ፖሊስተር የተባለውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ተጠቅመዋል፤ ከጊዜ ብዛት አሲድ የሚያወጣውንና ከምስሉ ጋር የሚጣበቀውን ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ አላስገቡም። ሽፋናቸው ለሚላጥ ምስሎች ደግሞ ፖሊስተር ራሱ እንደማይሆን አውቀው ወረቀት መርጠዋል፤ ፕላስቲኩ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የላላውን ሽፋን ስቦ ያነሣዋል። ወረቀቱ ምስልን እንደማያደበዝዝና እንደማያበላሽ በሚረጋገጥበት፣ አይኤስኦ 18916 በተባለው መለኪያ ማለፉን የሚያሳይ ሰነድ ሳንጠይቃቸው አቀረቡልን። «አሲድ አልባ» የሚለው የንግድ ጽሑፍ ብቻውን ለፎቶግራፍ በቂ ዋስትና ስላልሆነ፣ ይህን ሰነድ ማየት የሚፈልግ ገዢ በግልጽ ይጠይቅ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የራጅ ፊልሞቹን የያዙበት ጥንቃቄ ነው። ጽዳቱን ከመጀመራቸው በፊት ፊልሞቹን ሁሉ መርምረው በናይትሬት፣ ማለትም በቀላሉ በሚቀጣጠለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠሩትን ለዩ፤ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን እስኪያዩም ድረስ ከእኛ ሕንፃ አንድ ፊልም እንዲወጣ አልፈቀዱም። ይህን ማጋነን የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1929 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ የደረሰውን ያስታውስ፤ በምድር ቤት የተከማቹ የናይትሬት ራጅ ፊልሞች ተቃጥለው ከ120 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ከፊልሙ የወጣው መርዘኛ ጋዝ ነበር። ናይትሬት ለቃጠሎው የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለያዘ አንዴ ከተያያዘ በውኃ ውስጥም ይነዳል። ከእሱ በኋላ የተተካው የአሲቴት ፊልም እንዲህ አይቀጣጠልም፤ ሆኖም በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይጨማደዳል፣ ጎረቤቱንም ያስበሰብሳል። ድርጅቱ በየሳጥኑ አሲድ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ጠቋሚ ወረቀት አኑሮ፣ ሰማያዊነቱን የጠበቀውን ከደህናው መደብ፣ ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ያዘነበለውን ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣ ከሚገባው መደብ አድርጎ ዝርዝሩን አስረክቦናል። ያ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ የማቀዝቀዣውን ውስን ቦታ ለየትኛው እንደምናውል ባላወቅን ነበር።

ስካኑ በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ ዋናው ፋይል ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሳይጨመቅ ተቀምጧል፣ የቀለም ማመሳከሪያም ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አብሮ ተነሥቷል። በራጅ ፊልሞቹ ላይ ግን መጀመሪያ ተራ ስካነር በመጠቀማቸው ጥቁሩ ክፍል ዝርዝሩን ሁሉ ውጦት መጣ፤ ስንመልሰው በብርሃን ጠረጴዛ ላይ በካሜራ፣ በተለያየ የብርሃን መጠን ደግመው አነሡት፤ ያኔ የጎድን አጥንቶቹ ጥላ ሳይቀር ታየ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልመለስ። ድርጅቱ መስታወቶቹን ከአሮጌ ፖስታዎቻቸው አውጥቶ በአዲሶቹ ከጠቀለለ በኋላ፣ አሮጌዎቹ አሲድ ስላለባቸውና ስለተቦጫጨቁ እንደ ቆሻሻ ጥሏቸዋል። በእነዚያ ፖስታዎች ላይ ግን በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ የክፍሉ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የበሽታው ስም፣ «ከቀዶ ሕክምናው በፊት» ወይም «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ» የሚል ቃል። የሕክምና ፎቶግራፍ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ መግለጫው ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል፤ የሚቀረው ታሪኩ የማይታወቅ የሚሠቃይ ሰው አካል ብቻ ነው።

ለምሳሌ ሁለት መስታወቶች አሉ። በአንዱ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፉ የሕፃን እግሮች ይታያሉ፤ በሌላው ላይ ቀጥ ብለው ወለሉን የረገጡ እግሮች አሉ። አንዱ በ14ኛው ሳጥን፣ ሌላው በ31ኛው ገብተው ስለነበር ዝምድናቸውን የሚናገር ነገር አልነበረም። ያገናኘኋቸው ሕፃኑ በተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ነው፤ የወንበሩ የፊተኛ እግር ተሸርፎ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ በሁለቱም ላይ ያው ጨርቅ፣ በዚያው ቋጠሮ ይታያል። ቀን ግን የለም፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል ወራት ይለፉ ወይስ ዓመታት፣ የዚያን ሐኪም ሥራ የምንመዝንበት መለኪያ አብሮ ተጥሏል። ለአንዳንዱ ስብስብ የቀድሞው የእጅ መዝገብ ስለተረፈልን ከፊሉን ለመመለስ እየሠራን ነው፤ መዝገብ ለሌለው ግን ተስፋ የለንም።

ሌላው ስሕተት የፋይል ስያሜው ነው። በራጅ ፊልሞቹ ጥግ ላይ የታካሚው ስም ተጽፎ በሚገኝበት ጊዜ ሠራተኞቹ ያንኑ ስም የፋይሉ መጠሪያ አድርገውታል። በቅንነት የተሠራ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ እንዲነሣ ፈቃዱን ተጠይቆ እንደሆነ እንኳ የማናውቀው ሰው ስሙ ከሕመሙ ጋር በፋይል ዝርዝር ላይ ተደርድሮ መታየት የለበትም። ሁሉንም በመለያ ቁጥር ቀይረን፣ ስሙን ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ በሚያየው መዝገብ ውስጥ አስገብተናል።

ይህም ሆኖ ለቀሩን የቀለም ስላይዶች ይህንኑ ድርጅት መልሰን እንቀጥራለን፤ እጃቸው ንጹሕ ነው፣ የተነገራቸውንም ያርማሉ። በአዲሱ ውል ላይ ግን ሦስት ነገር አስገብተናል። ማንኛውም አሮጌ ፖስታ፣ ክፈፍና ብጣሽ ወረቀት ሳይቀር ከነጽሑፉ ስካን ይደረጋል፤ ከዚያም ከምስሉ ጋር በአንድ ቁጥር ተይዞ በተለየ ሳጥን ይመለስልናል። የፋይል ስያሜውን የምንሰጠው እኛ ነን። ሥራው ሁሉ ከመጀመሩ በፊትም አንድ የሙከራ ሳጥን ተሠርቶ፣ እኛ ተመልክተን ስንፈርምበት ብቻ ቀሪው ይቀጥላል።

ሁለቱን መስታወቶች በአንድ ሳጥን ጎን ለጎን አቁሜያቸዋለሁ፤ በአዲሶቹ መጠቅለያዎች ላይም በእርሳስ «ያው ሕፃን፣ በወንበሩ ተለይቶ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።