ለጀማሪ የምትሆን የሪሞት ሄሊኮፕተር፦ ሲማ ኤስ107ጂ

የመጀመሪያ ሄሊኮፕተራችሁን ልትገዙ ከሆነ ቀለሙን ተዉት፣ አናቷን እዩ። እላይዋ ላይ ሁለት ፕሮፔለር ተደራርቦ አለ? ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ ሄሊኮፕተሯን ሊያሽከረክራት ሲል ሌላው ይይዛታል፣ ስለዚህ እጃችሁ ገና ባይለምድም ባለችበት ቀጥ ብላ ትንሳፈፋለች። ሲማ ኤስ107ጂ እንዲህ ናት። ጋይሮም፣ ማለትም አፍንጫዋ ወዲያ ወዲህ እንዳይዞር የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ፣ አላት። በጣም ነው የምወዳት።

ግን ሜዳ ይዛችኋት እንዳትወጡ። ሪሞቷ እንደ ቲቪ ሪሞት በኢንፍራሬድ ነው የሚሠራው፣ ፀሐይ ላይ ትዕዛዝ አትሰማም፣ ትንሽ ነፋስም ይዟት ይሄዳል። የሳሎን ናት። ዝናብ ለሚበዛበት ለጅማ ልጅ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አንዴ ቻርጅ ተደርጋ የምትበረው ወደ 8 ደቂቃ መሆኑ ግን ያናድዳል። ደግነቱ በዩኤስቢ ስለምትሞላ መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ይበቃታል።

አናቷ ላይ አንድ ፕሮፔለር ብቻ ያላትን ባለ 4 ቻናል (በሪሞት አራት ዓይነት እንቅስቃሴ የምትታዘዝ) ሄሊኮፕተር፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያሞግስላችሁ፣ ለጊዜው እለፏት፤ እሷ የለመደ እጅ ትፈልጋለች። እዚያው ጅማ ሄርማታ መርካቶም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ስለሚበዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነስታችሁ እዩ። መለዋወጫ የጭራ ፕሮፔለር ካላቸው አብራችሁ ውሰዱ፣ ቶሎ የሚሰበረው እሱ ነው።