የ«ዋሽንግተን»ን ስም ታሪክ ለፈለጉልን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

በዚህ ጽሑፍ የማመሰግናቸው ወይዘሮ በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክና የዘር ሐረግ ክፍል የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸው ግን ሳይነገር ቢቀር ቅር ይለኛል። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን የቤተሰቡ ስም ዋሽንግተን ነው፤ ልጆቻችንም በዚሁ ይጠራሉ። እኛ በአባታችን ስም ስለምንጠራ ስማችን በየትውልዱ ይቀያየራል፤ ለዘመናት ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ከየት ተነሥቶ እዚህ ቤት እንደደረሰ ልጆቼ ሲጠይቁኝ በማስረጃ መመለስ ፈልጌ ነው ወደ እርሳቸው የሄድኩት።

«ከፕሬዚዳንቱ ጋር ትዛመዳላችሁ?» የማይለን ሰው የለም። ባለሙያዋ ከሁሉ አስቀድመው ያስረዱኝ የስም ታሪክና የደም ታሪክ ለየብቻ መመርመር እንዳለባቸው ነው።

ስሙ የተነሣው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በጥንቱ የደርሃም ግዛት ከነበረች፣ ዌሲንግተን (የዛሬዋ ዋሽንግተን) ከምትባል መንደር ነው። ዊልያም የሚባል ባላባት ሃርትበርን የተባለውን ርስቱን ለደርሃም ጳጳስ ለቅቆ በምትኩ ይህችን መንደር ተቀበለ። በዘመኑ ባላባት በያዘው መሬት ይጠራ ስለነበር «ዊልያም ዘሃርትበርን» መባሉ ቀርቶ «ዊልያም ዘዌሲንግተን» ተባለ፤ ልውውጡም ጳጳሱ በ1183 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባስጻፉት የግብር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ከቤተሰቡ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላንካሸር፣ ከዚያም ወደ ኖርዝሃምፕተን ወረደ። በዚያም የሱፍ ነጋዴና ከንቲባ የነበረው ሎውረንስ ዋሽንግተን፣ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ፣ በ1539 የሰልግሬቭን ርስት ገዛ። የዚህ ቤተሰብ ተወላጅ የሆነው ጆን በ1650ዎቹ በትምባሆ ንግድ መርከብ ቨርጂኒያ ደርሶ በዚያው አግብቶ ቀረ፤ ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን የእርሱ ልጅ የልጅ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የምንመላለስ ሐበሾች ሁሉ የምናውቀው፣ ሁለት ቀይ መስመሮችና ሦስት ቀይ ኮከቦች ያሉበት የከተማዋ ሰንደቅ ዓላማም የተወሰደው ከዚሁ የእንግሊዝ ቤተሰብ አርማ ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን ግን ከአብራኩ የተወለደ ልጅ አልነበረውም። በአሜሪካ የ2000 የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው 163,036 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስሙ የባሪያ አሳዳሪ ስም ብቻ ይመስለዋል። ባለሙያዋ በዚህ አይስማሙም። ከባርነት የወጡ ሰዎች አንዳንዶቹ የቀድሞ ጌታቸውን ስም ይዘው ቢቀሩም፣ ሌሎች ግን ራሳቸው የመረጡትን ስም አስመዝግበዋል። ታዋቂው የትምህርት ሰው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በሕጻንነቱ ትምህርት ቤት ገብቶ ሙሉ ስሙን ሲጠየቅ «ቡከር ዋሽንግተን» ብሎ የራሱን ስም በራሱ እንዳወጣ ጽፏል።

የባለቤቴን ቤተሰብ በተመለከተ ያደረጉልንን ልናገር። ፍለጋውን የጀመሩት ካሉት ሽማግሌዎች ነው፤ ከእነርሱ ወደ ኋላ እየቆጠሩ እስከ 1870ው የሕዝብ ቆጠራ ደረሱ። ከባርነት የወጡት ሰዎች በፌዴራል ቆጠራ ላይ በስማቸው የተጻፉት ያን ጊዜ ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያት አባት ስም በዚያ ገጽ ላይ «የእርሻ ሠራተኛ» ተብሎ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተጽፏል። ቀጥለው የ1860ውን የባሪያዎች ዝርዝር ከፈቱልን፤ እዚያ ያለው የባለ ንብረቱ ስም፣ ከሥሩም ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው። የሰዎቹ ስም የለም። ባለቤቴ ዕድሜው ከቅድመ አያቱ አባት ጋር የሚገጥም አንድ ልጅ አይቶ «እርሱ ነው» ሲል፣ ባለሙያዋ በትሕትና «ዕድሜው ይገጥማል፤ እርሱ ነው ብዬ ግን አልፈርምም» አሉት። ለእኔ ትልቁ ሙያቸው ይህ ነው። በኋላ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች በ1865 በተቋቋመው የፍሪድማንስ ባንክ መዝገብ ውስጥ፣ ሰውዬው ሒሳብ ሲከፍት የተናገረው የአባቱና የእናቱ ስም፣ የቀድሞ ጌታውም ስም ተገኘ። የጌታው ስም ዋሽንግተን አልነበረም። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ዝም አለ፤ ባለሙያዋም ሳያስቸኩሉት ጠበቁት።

በኢንተርኔት «የቤተሰባችሁ አርማ» እየተባለ የሚሸጠውንም ልገዛ ብዬ ሳማክራቸው ከለከሉኝ፤ በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለተወላጆቹ እንጂ ስሙን ለሚጋራ ሁሉ አይደለም። ገንዘቤን አድነውልኛል።

ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር የተጋባችሁ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችሁ ይህን ማወቅ ከፈለጋችሁ በየአካባቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት የዘር ሐረግ ክፍል መኖሩን ጠይቁ። እዚህ ያለነው አገልግሎቱን ያገኘነው ያለ ክፍያ ነው። ስትሄዱ የአያቶችን ሙሉ ስም፣ የተወለዱበትን ዘመንና አውራጃ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሞት ምስክር ወረቀትና የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ካለም አትተዉት። የእኛዋን ባለሙያ ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ለእርሳቸው ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ባለቤቴም ልጆቼም እጅ ነሥተናል።