ሻንጋይ ላይ ጃዝ፦ የሆቴል ኮንትራት ወይስ ክለብ?

ሳክስፎኑን ይዞ ሻንጋይ መኖር ለሚያስብ ሰው መንገዱ በአብዛኛው ሁለት ነው፣ ወይ ሆቴል ይፈርማል ወይ ማታ ማታ ክለብ ለክለብ ይዞራል።

ሆቴሉ ለወረቀት አሪፍ ነው። ቀጣሪው የስራ ፈቃዱን ያስጨርስልሃል፣ በዜድ ቪዛ (በስራ ቪዛ) ገብተህ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክታለህ፣ ደሞዝህም ይታወቃል። ግን ፈቃዱ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ ሌላ ቤት እንደልብህ አትሰራም፣ ሎቢ ውስጥ ሻንጣ እየተጎተተ ሰው ስልኩን እያወራ ያንኑ ባላድ (ዝግ ያለ ዘፈን) በየማታው ቀስ ብለህ ትጫወታለህ፣ ሶሎው ሊሞቅ ሲል ማናጀሩ በእጁ ዝቅ አርገው ይልሃል፣ ይሄ ነገር ሲደጋገም ውስጥን ይጎዳል በእውነት።

ክለብ ስትገባ ሰው ለመስማት ነው የመጣው። ከቻይናዎቹ ልጆች ጋር ጃም ታደርጋለህ፣ ማለት ሳትዘጋጁ አብራችሁ ትጫወታላችሁ፣ ብዙዎቹ በጣም ይችላሉ። እኛ ደሞ አንድ ነገር አለን፣ የትዝታ ሜጀርና የነሱ ዋናው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (ቅኝት) ኖታው አንድ ነው፣ አንዴ ስትጀምረው ባሲስቱ ቀና ብሎ ያይህና ይከተልሃል። ገቢው ግን አንድ ሳምንት ሞልቶ ሌላው ባዶ ነው፣ ያለፈቃድ መስራት ደሞ ቅጣትና ከሀገር መባረር አለው።

አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ባክ ክሌይተንም እ.ኤ.አ. በ1934 ሻንጋይ ሲመጣ ባንዱን ይዞ ካኒድሮም የሚባል ትልቅ ዳንስ ቤት ነበር የገባው፣ በኋላ ሌላ አዳራሽ ሲዛወር የቻይና ዘፈን መጫወት ግድ ሆነበት።

እኔ የምለው መጀመሪያ ሆቴል ግባ፣ ኮንትራቱ ላይ ግን ውጪ መጫወት እንደሚፈቀድልህ ሳይጻፍ እንዳትፈርም፣ ፈቃዱ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ ውጪ ከመጫወትህ በፊት ፈቃዱንም አረጋግጥ።